ጨርቅ ምን ይመሰክራል? ስለ ኩዊልት ታሪክና ስለ አንድ እርማት

በባለፈው እትም “የነጻነት ካርታ በብርድ ልብስ ላይ” የሚል አጭር ጽሑፍ በዚሁ ቡለቲን አውጥቼ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የማታስታውሱ ደሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ምክንያቱም የዛሬው ጽሑፌ የዚያኛው ማረሚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ባርነት ከመወገዱ በፊት ከደቡብ ወደ ሰሜንና ወደ ካናዳ የሚያመልጡ ጥቁሮችን በድብቅ የሚያሳልፍ የሰዎችና የቤቶች ሰንሰለት ነበር። “የምድር ውስጥ ባቡር” ይሉታል፤ ባቡርም የለው፣ ምድር ውስጥም አይደለ፣ ስሙ ብቻ ነው። እኔ የጻፍኩት በባርነት ውስጥ የነበሩ ሴቶች ኩዊልት የሚባለውን የተገጣጠመ ብርድ ልብስ እየሰፉ አጥር ላይ ያሰጡት እንደነበር፣ በላዩ ያሉት ቅርጾችም ምስጢራዊ መልእክት እንደነበሩ ነው። የብሎን መፍቻ ቅርጽ ሲሰጣ “ዕቃችሁን ሰብስቡ”፣ የጋሪ ጎማ ሲሆን “ለጉዞ ጫኑ”፣ የድብ መዳፍ ሲሆን “የድብ ዱካ ተከትላችሁ በተራራው እለፉ”፣ የሰካራም መንገድ የሚባለው ጠመዝማዛ ቅርጽ ሲሆን “ቀጥ ብላችሁ አትሂዱ”፣ በራሪ ዝይዎች ሲሆኑ “ወደ ሰሜን” ማለት ነው ብዬ ጻፍኩ። ያምራል አይደል? እኔም ስላማረኝ ነው የጻፍኩት።

ጽሑፉ ተወደደ። በካምፓሱ ሚኒ ሚዲያ ሁለት ጊዜ ተነበበ፤ የዶርም ጓደኛዬ ቆርጣ ሎከሯ ላይ ለጠፈችው። የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን ግን የሰጠኋቸውን ቅጂ ሲመልሱልኝ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቃል ብቻ ጽፈውበት ነበር፤ “ማን አየ?”

ሀቁን ለመናገር ቅር አለኝ። በስንት ቦታ የተጻፈ ነገር፣ የልጆች መጽሐፍ ሳይቀር የወጣለት ነገር፣ እንዴት ማን አየ ይባላል? ብዬ ለመመለስ ተነሳሁ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። አጭሩ መልስ ያየ ሰው አልተገኘም የሚል ነው። ረጅሙ መልስ በጨርቁ በኩል ስለሚያልፍ ከጨርቁ ልጀምር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

ሦስት ድርብ

ኩዊልት ማለት ሦስት ድርብ ያለው ልብስ ነው። ከላይ ፊቱ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከትናንሽ ቁርጥራጭ ጨርቆች የሚገጣጠመው እሱ ነው። ከታች ገበሩ አለ። መሐል ላይ ባዘቶ ጥጥ ወይም ሱፍ ይገባል። ሦስቱን አንድ ላይ ወግቶ የሚይዛቸው ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው ስፌት ነው፤ ኩዊልት የሚያሰኘውም ይሄ ስፌት እንጂ የፊቱ ቅርጽ አይደለም። ስፌቱ ባይኖር ባዘቶው ተንሸራትቶ አንድ ጥግ ላይ ይከማች ነበር። የፊቱ አሠራር ደሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቁርጥራጮቹን ጎን ለጎን መግጠም ነው፤ ሌላው የሰው ወይም የእንስሳ ቅርጽ ቆርጦ በሌላ ጨርቅ ላይ ደርቦ መስፋት ነው።

ከእኛ ዕቃ የሚቀርበው ድሪቶ ነው። እሱም እራፊ በእራፊ ላይ እየተደረበ የሚጣፍ ነው፤ ብቻ ባዘቶ የለውም፣ ሙቀቱ የሚመጣው ከድርቡ ብዛት ነው። ድሪቶ ግን እኛ ዘንድ የድህነት ስም ሆኖ ቀርቷል። ስድብም ነው። እኛ ዲፓርትመንት ውስጥ እንኳን ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ የመጣ ዜና “ይሄ ድሪቶ ነው” ተብሎ ይመለሳል። (የእኔ ያለፈው ጽሑፍ ሳይባል ማለፉ ይገርመኛል።)

ደርቦ መስፋት አሜሪካኖች የፈጠሩት አይደለም። ግብፅ አቢዶስ የተገኘችና አሁን ብሪቲሽ ሙዚየም ያለች፣ 5,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት የዝሆን ጥርስ ምስል ላይ ንጉሡ የለበሰው ካባ ተደርቦ የተሰፋ ይመስላል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ሲሲሊ ውስጥ የተሠሩት የትሪስታን ኩዊልቶች ዛሬ ለንደንና ፍሎረንስ ይገኛሉ። የቤንጋል ሴቶች ያረጀ ሳሪ ደርበው ካንታ ይሰፋሉ፤ የጃፓን ገበሬዎች ደሞ ቦሮ የሚባል በሰማያዊ እራፊ የተጣጣፈ ልብስ ነበራቸው። ቦሮን ያየ የአገራችን ሰው ወዲያው ድሪቶ ነው የሚለው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሕንድ አበባማ ጥጥ አውሮፓን ሲያጥለቀልቅ የሱፍና የሐር ሠሪዎች ጮኹ። ፈረንሳይ በ1686፣ እንግሊዝ በ1701 እና በ1721 በሕግ አገዱት። ፈረንሳይ እገዳውን ያነሳችው በ1759፣ እንግሊዝ በ1774 ነው። ስለ አበባ ቀሚስ ፓርላማ ሕግ ያወጣል ብሎ ማን ያስባል!

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። “ድሃ ሰፋሪዎች እራፊ ለቅመው ኩዊልት ጀመሩ” የሚል አባባል አለ። በባለፈው ጽሑፌ ይሄንንም ብዬዋለሁ፤ ይሄም ስህተት ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ጨርቅ በመርከብ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር፤ ድሃው የሚተኛው ሻካራ ብርድ ልብስ ለብሶ ነው። ጊዜ ወስዶ የተሰፋ ኩዊልት የሚገኘው ገንዘብ ያለው ሰው አልጋ ላይ ነበር። ትንሽ ብናስብ ይገባናል፤ እራፊ እንዲኖር መጀመሪያ ጨርቅ መብዛት አለበት። ጨርቅ የበዛው ኤሊ ዊትኒ በ1793 የጥጥ መዳመጫ ማሽን ከሠራ በኋላ ነው። ማሽኑ ፍሬውን ከጥጡ ቶሎ ስለሚለይ የጥጥ እርሻ ተስፋፋ፣ በሰሜን በኩል የሽመና ፋብሪካ በዛ፣ የጨርቅ ዋጋ ወረደ። በ1851 ሲንገር የስፌት መኪናውን አስመዘገበ። ጥጡን የሚለቅሙት ግን በባርነት ያሉ ሰዎች ነበሩ። የእርሻው መስፋፋት የባሪያ ንግዱንም አብሮ አስፋፋው። ርካሹ ጨርቅ ርካሽ የሆነው አንዱ ወገን ደመወዝ ስላልተከፈለው ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ አቡጀዲ የምንለው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ድሮ ወደ አገራችን በብዛት የሚገባው ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ነበር። በ1903 ሮበርት ስኪነር የሚባል የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ካመጡት ምክንያቶች አንዱ የዚሁ ጨርቅ ገበያ ነበር። ስለዚህ በአያቶቻችን ድሪቶ ውስጥ የአሜሪካ ጥጥ አለ ብሎ መጠርጠር ብዙም አያስቅም።

ዕድሜውን የሚናገር ጨርቅ

የኩዊልት ታሪክ አጥኚዎች አንድ ቀላል ደንብ አላቸው። ኩዊልት በውስጡ ካለው ከመጨረሻው አዲስ ጨርቅ በዕድሜ ሊበልጥ አይችልም። በተቃራኒው ግን አይሠራም። ሴቶች እራፊ ለ30 እና ለ40 ዓመት ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣሉና፣ አሮጌ ጨርቅ መገኘቱ ኩዊልቱን አሮጌ አያደርገውም። ይቺ ደንብ ለእኛም ትሆናለች፤ በአንድ ሰነድ ውስጥ ዘግይቶ የመጣ ቃል ካለ ሰነዱ ከቃሉ በፊት አልተጻፈም።

ምልክቶቹ ብዙ ናቸው። በ1856 ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ልጅ የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን በቤተ ሙከራ ለመሥራት ሲሞክር ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ። የመጀመሪያው ገበያ ላይ የዋለ የፋብሪካ ማቅለሚያ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓይነት መጣ፤ ከነሱም ውስጥ ሲታጠቡና ፀሐይ ሲነካቸው ወደ ቡናማ የሚለወጡ ነበሩ። ዛሬ ቡናማ ሆኖ የምናየው ቅጠል ድሮ አረንጓዴ ወይም ቀይ የነበረ ሊሆን ይችላል። በብረት የተቀለመ ጥቁርና ቡናማ ጨርቅ ደሞ ብረቱ ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል፤ ዙሪያው ደህና ሆኖ ጥቁሩ ብቻ ብን ብሎ የጠፋበት ኩዊልት ታያላችሁ። በ1880ዎቹ ፋሽን የነበሩት ቅጥ የለሽ ኩዊልቶች (ሐርና ከፋይ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ የሚገጣጠምባቸው) ዛሬ እየተሰነጣጠቁ ነው። ነጋዴው ሐሩ ከበድ እንዲል በቆርቆሮ ጨው ይነክረው ስለነበር ጨርቁ በራሱ ይቀደዳል። ገዢውን ለመሸወድ የተደረገ ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ ተጋለጠ ማለት ነው።

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ደሞ ዱቄትና የዶሮ መኖ የሚመጣበት የጥጥ ከረጢት ተፈትቶ ቀሚስም ኩዊልትም ይሆን ነበር። ፋብሪካዎቹ ይሄን ሲያዩ ከረጢቱን አበባ እያተሙበት መሸጥ ጀመሩ። ሴትየዋ ሦስት ተመሳሳይ ከረጢት ካልሞላላት ባሏ መኖ ሊገዛ ሲሄድ አበባውን አይቶ እንዲመርጥ ትልከዋለች! በመጨረሻ ፖሊስተር መጣ። መሐሉ የፖሊስተር ሙሌት ከሆነ ኩዊልቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ ነው።

ላብራቶሪ የሌለው ሰው የሚያደርገው አንድ ፍተሻ አለ። ከዳር አንድ ክር ይመዘዝና ይለኮሳል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ ግራጫ አመድ ይሆናል። ሱፍ ወይም ሐር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ ዶቃ ይሠራል። (ክሩ ተመዝዞ ከልብሱ ርቆ ነው የሚሞከረው፤ በዶርም ውስጥም አይሞከርም፤ እኔ ሞክሬ ፕሮክተሯ መጥታብኛለች።)

ምስጢሩ ከየት መጣ?

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። የምስጢር ኩዊልቶች ታሪክ በሰፊው የታወቀው በ1999 ጃክሊን ቶቢንና ሬይመንድ ዶባርድ “ሂድን ኢን ፕሌን ቪው” የሚል መጽሐፍ ሲያወጡ ነው። ቶቢን በ1994 ቻርልስተን ከተማ ገበያ ውስጥ ኦዜላ ማክዳንኤል ዊልያምስ ከሚባሉ ኩዊልት ሻጭ ጋር ተገናኘች። አሮጊቷ ከእናታቸውና ከአያታቸው የወረስኩት ነው ብለው ስለ ምስጢሩ አወጉዋት፤ ዝርዝሩን የሰጧት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። መጽሐፉ ሳይወጣ በ1998 ዐረፉ። መጽሐፉ በቴሌቪዥን ተወራለት፣ ትምህርት ቤቶች ገባ፣ አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸውን የምስጢር ኩዊልት በወረቀት ያሠሩ ጀመር። ከዚያ በፊት በ1993 ዴቦራ ሆፕኪንሰን ኩዊልት ላይ ካርታ ስለሰፋች ልጅ የሚተርክ የልጆች ልብ ወለድ አውጥታ ነበር። እኔ “ምንጭ” ብዬ ከቆጠርኳቸው አምስት ጽሑፎች አራቱ ከ1999ኙ መጽሐፍ የቀዱ፣ አንዱ ከልብ ወለዱ የቀዳ ነበር። አምስት ምንጭ ያለኝ መስሎኝ የአንዲት ሴት ቃል ብቻ ነበር የያዝኩት።

የአንድ ሰው ቃል ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ግን ቃሉ ከሌላ ነገር ጋር ሊገናኝ ይገባል። ከ1936 እስከ 1938 የአሜሪካ መንግሥት ጸሐፊዎችን ልኮ በባርነት ውስጥ ያለፉ ከ2,300 በላይ አረጋውያንን ቃል አስመዝግቧል። በነዚያ ቃሎች ውስጥ ስለ ኩዊልት ብዙ ይወራል፤ ሌሊት ተሰብስቦ መስፋት፣ ከስፌቱ በኋላ ያለው እራትና ጭፈራ ሳይቀር። ስለ ምስጢራዊ ምልክት ግን የታሪክ አጥኚዎች ፈልገው አላገኙም። ዊልያም ስቲል የሚባለው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ራሱ ፊላደልፊያ ላይ አምላጮችን እየተቀበለ ታሪካቸውን የመዘገበ ሰው ነው፤ በ1872 ባወጣው ትልቅ መጽሐፍ አምላጮች በሣጥን ታሽገው ስለመጡበት፣ ሴቷ ወንድ መስላ ስለለበሰችበት ሁሉ ጽፏል። ከነዚህ ሁሉ ዘዴዎች መካከል የሚናገር ብርድ ልብስ የለም።

ቀጥሎ ጨርቁ ራሱ መሰከረ። ከምስጢሮቹ መካከል የግንድ ጎጆ የሚባል ቅርጽ አለ፤ በቀን የተረጋገጡት የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች የ1860ዎቹ ናቸው፤ ይህም የእርስ በርስ ጦርነቱ የተነሳበት፣ ባርነትም ያከተመበት ዐሥር ዓመት ነው። ድርብ የጋብቻ ቀለበት የሚባለው ደሞ አገር ያወቀው በ1920ዎቹ መጨረሻ በጋዜጣ ታትሞ ሲወጣ ነው። ባርብራ ብራክማን የምትባለው የኩዊልት ታሪክ አጥኚ ይሄንን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትሻ በ2006 መጽሐፍ አውጥታበታለች። በ2007 ኒውዮርክ ለፍሬድሪክ ዳግላስ መታሰቢያ ሲሠራ ከሐውልቱ ሥር ይሄው የምስጢር ኩዊልት በድንጋይ እንዲቀረጽ ታስቦ ስለነበር የታሪክ ምሁራን ተቃውመው ክርክር ተነስቷል። ራሱ ከባርነት አምልጦ ሦስት ጊዜ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ዳግላስ ስለ ኩዊልት ምልክት ያለው ነገር የለም።

የሚከራከሩም አሉ፤ ምስጢር ከሆነ እንዴት ተጽፎ ይገኛል? ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ማንበብና መጻፍ በሕግ የተከለከሉ ሰዎችን ታሪክ በሰነድ ብቻ እንለካ ካልን ግማሹን እንጥላለን። እኔን የሚያሳምነኝ ግን አይደለም፤ ምክንያቱም ያ ክርክር የትኛውንም ወሬ እውነት ሊያደርግ ይችላል። ደሞ የተጻፈ ነገር ባይኖር እንኳን ጨርቅ ይኖር ነበር፤ ከዚያ ዘመን የተረፈና በዚህ ምልክትነት ያገለገለ ተብሎ የተረጋገጠ ኩዊልት አንድም የለም።

የተናገሩት ኩዊልቶች

በጣም ያናደደኝ ይሄ አይደለም። ያናደደኝ የሌለውን ምስጢር ሳወራ ያለውን ማለፌ ነው። ሐሪየት ፓወርስ በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደች ሴት ናት። በ1886 አቴንስ በምትባል ከተማ የጥጥ ትርኢት ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የተሰፋበት ኩዊልት አቀረበች፤ አዳምና ሔዋን፣ ቃየንና አቤል፣ የያዕቆብ ሕልም፣ እስከ ስቅለቱ ድረስ፣ በ11 ክፍል፣ ሁሉም ቅርጹ ተቆርጦ ተደርቦ የተሰፋ። ጄኒ ስሚዝ የምትባል ነጭ የሥዕል አስተማሪ ልግዛሽ አለቻት፤ በምንም ዋጋ አልሸጥም አለች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ችግር ሲመጣ ራሷ ይዛላት ሄደች። 10 ዶላር ጠየቀች፣ ያገኘችው 5 ዶላር ነው። ከመስጠቷ በፊት እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሆነ አስረዳች፣ ስሚዝም ጻፈችው። ከዚያ በኋላ ፓወርስ ኩዊልቷን ለማየት ተመላልሳ መጥታለች። ኩዊልቱ ዛሬ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ነው ያለው።

ሁለተኛዋ 15 ክፍል ያላት፣ ቦስተን ሙዚየም የምትገኘው፣ ለእኔ ከዜና ወረቀት ትበልጣለች። ከመጽሐፍ ቅዱሱ ታሪክ መሐል ፓወርስ የአገር ወሬ አስገብታለች። በግንቦት 19 ቀን 1780 በቀን የጨለመው ሰማይ አለ። በኅዳር 1833 ሌሊት ከዋክብት የረገፉበት አለ። በየካቲት 1895 ሰው ቆሞ የደረቀበት ብርድ አለ። ከጆርጂያ እስከ ቨርጂኒያ 500 ማይል ሮጠች የተባለች አንዲት ዓሣማም አለች። ፓወርስ የ1780ውንም የ1833ቱንም አላየችም፤ አልተወለደችም ነበር። ሰምታ ነው። ግን ጨለማው በእርግጥ ኒው ኢንግላንድ ላይ ተመዝግቧል፤ የከዋክብቱ መርገፍም በብዙ ጋዜጣ የወጣ ነው። ስለ ዓሣማዋ ማረጋገጫ የለኝም።

ሌላዋ ሚዙሪ ፔትዌይ ናት። አላባማ ውስጥ ወንዙ ሦስት ጎን የዞረበት ጂ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። የመንደሩ ሰው አብዛኛው የአያቶቹን ጌታ ስም ይዞ ፔትዌይ ይባላል። በ1962 የመንደሩ ሰዎች ለምርጫ ለመመዝገብ ወንዙን ተሻግረው መሄድ ሲጀምሩ መሻገሪያ ጀልባው ተቋረጠ፤ የተመለሰው በ2006 ነው። ኪነ ጥበብ ወዳዱ ዓለም የመንደሩን ኩዊልቶች ያወቀው በ2002 ሂዩስተን፣ ቀጥሎም ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ሲታዩ ነው፤ ተመልካቹ ከዘመናዊ ሥዕል ጋር እያወዳደረ ተደነቀ። ሴቶቹ ግን የሰፉት ቤታቸው በነፋስ ስለሚያፏጭ ነው። ሚዙሪ ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሱን ቀድዳ በ1942 ኩዊልት ሠራችው፤ እሱን ለማሰብና ከሥሩ ለመተኛት። ይሄንን የተናገረችው አብራት የነበረችው ልጇ አርሎንዚያ ናት። ጨርቁም ይስማማል፤ ታጥቦ ታጥቦ የነጣ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ነው። በመንደሩ እንዲህ ባሉ ኩዊልቶች ላይ ኪስ ተፈትቶ የወጣበት ቦታ ፀሐይ ስላልነካው ጠቆር ብሎ ይታያል። ማን አየ ለሚለው፣ ልጇ አየች።

የእማማ ድሪቶ

ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ለዕረፍት ደብረ ብርሃን አካባቢ አያቴ ቤት ሄድኩ። እዚያ ከባናውና ከጋቢው ሥር አንድ ድሪቶ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምንሰማው መሐሉ ላይ ያለችው ካኪ የአያቴ አባት በጣሊያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአርበኝነት ሲዋጋ የለበሳት ሸሚዝ እንደሆነች ነው። እንግዳ ሲመጣ እንኳን ይታያል። አጎቴ እሷን እያሳየ ሁለት ጊዜ አልቅሷል።

እኔ የማልረባዋ እማማ ውጭ ሲወጡ ከዳሯ አንድ ክር መዘዝኩና ለኮስኩት። ቀለጠ። ጫፉ ላይ ዶቃ ሠራ። ቴትሮን ነው። ቴትሮን የሚለው ስም ራሱ የጃፓን ፋብሪካዎች የንግድ ስም ነው፤ ገበያ ላይ የወጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ፖሊስተር የሚባለውን ነገር እንግሊዞቹ ኬሚስቶች የፈጠሩት በ1941 ነው። በጣሊያን ጊዜ ተራራ ላይ ቴትሮን የለበሰ አርበኛ ሊኖር አይችልም።

ቀኑን ሙሉ ዝም አልኩ። ለእናቴ ልደውል አሰብኩና ተውኩት። ማታ እሳት ዳር አላስችል ብሎኝ “እማማ፣ ይቺ ካኪ ግን የአባትዎ አትመስለኝም” አልኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

“እሷማ የባሌ ሱሪ ናት” አሉ፤ ቀና እንኳን አላሉም። “የአባቴ ሲበላ ምን ላርግ ታዲያ? በላዩ ጣፍኩበት። ከሥሯ ነው ያለው።”

“ለምን አልነገሩንም?”

“ማን ጠየቀኝ?”

በማግስቱ በር ላይ ፀሐይ ሲመጣ በምላጭ የዳሯን ስፌት ፈታን። ከሥር ሌላ ካኪ አለ፤ የሳሳ፣ ጠርዙ የተበጠበጠ፣ መዳፍ የምታህል። አስፈቅጄ አንድ ክር ለኮስኩ። እንደ ወረቀት ነደደ፣ አመዱ ግራጫ ሆነ። ጥጥ ነው። የጥጥ ካኪ በጣሊያን ጊዜም ነበር፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ነበር፤ ክሩ ከዚህ በላይ አይናገርም። ስለዚህ መምህራችን የጠየቁኝን ጠየቅኳቸው።

“እርስዎ አባትዎ ለብሶት አይተውታል?”

“እንዴታ! ሲያርስበት ነው የማውቀው። እጅጌው የለም፣ ክንዱ እስከዚህ ወጥቶ።”

“ሲዋጋበትስ?”

ትንሽ አሰቡ። “እኔማ የት ተወልጄ! እናቴ ናት ያለችኝ። በዚህ ነው የገባው ብላ ቀዳዳውን ታሳየኝ ነበር።”

“ቀዳዳው የቱ ጋ ነበር?”

“እሱ ያለበት ነው መጀመሪያ የተበላው” አሉ።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በሁለት መስመር ጻፍኩት፤ ሲያርስበት፣ አይተዋል። ሲዋጋበት፣ ከእናታቸው ሰምተዋል። እማማ ቴትሮኗን መልሰው በቦታዋ አደረጉና መርፌውን ወደ እኔ ዘረጉት። “አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው፣ ክሩን አስገቢልኝ” አሉኝ።